ወደ ምሥራቅ የሚያይ ቤት

ሰማይ የማይወስነው አምላክ በድንጋይና በእንጨት በተሠራ ቤት ይኖራል ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ጥያቄ ቀድሞ ያነሣው ቤቱን የሠራው ሰው ራሱ ነው። ሰሎሞን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ሲመርቅ ባደረሰው ጸሎት (1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 8) አምላኩን ሰማየ ሰማያት እንኳ እንደማይችለው፣ ይህ ቤትማ ከቶ እንደማይበቃው ይናገራል። መልሱም እዚያው ጸሎት ውስጥ አለ። ቤቱ ስሙ የሚጠራበት ነው፤ የተበደለ፣ የተማረከ፣ ዝናም የተከለከለ፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሳይቀር ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ሲለምን ይሰማለታል። በዚህ ጸሎት ውስጥ የአምልኮ ስፍራ ክብር የሚለካባቸው ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፦ የአምላኪው ፊት ወዴት እንደ ዞረ፣ እንዲሁም ከደጁ ማን እንደ ተመለሰ። ስለ ክብር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ፊተኛው ብቻ ነው።

ሁለቱ ተጣምረው የሚታዩት ኢየሱስ ክርስቶስ ሻጮችንና ገንዘብ ለዋጮችን ከመቅደስ ባስወጣበት ታሪክ ነው። ታሪኩን አራቱም ወንጌላት ጽፈውታል። ንግዱ ሲጀመር ክፉ አልነበረም። ለመሥዋዕት ነውር የሌለበት እንስሳ ያስፈልጋል፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው በግ እየነዳ መጓዝ አይሆንለትም። የመቅደሱ ግብር የሚከፈለው በጢሮስ ብር ስለ ነበር ሌላ ገንዘብ የያዘ መለወጥ ነበረበት። ገበያው የገባው ለአምልኮው ሲባል ነው፤ አደገኛ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ምክንያት ያለውን ነገር ማን ይከለክላል? ብዙ ተርጓሚዎች እንደሚስማሙት ገበያው የተተከለው በውጭኛው አደባባይ ሲሆን፣ አሕዛብ ሊደርሱበት የሚችሉት ስፍራም እስከዚያው ብቻ ነበር። ከዚያ አልፎ የተገኘ ባዕድ ለሚደርስበት ሞት ራሱ ኃላፊ መሆኑን በግሪክኛ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በድንጋይ ተቀርጾ ቆሞ ነበር፤ ድንጋዩ እ.ኤ.አ. በ1871 ተገኝቶ ዛሬ ኢስታንቡል በሚገኘው የአርኪኦሎጂ ቤተ መዘክር ተቀምጧል። ስለዚህ ለአሕዛብ የተተወችው አንዲት የጸሎት ስፍራ በእንስሳ ጩኸትና በገንዘብ ቆጠራ ተይዛ ነበር።

ጌታ ያን ዕለት የጠቀሰው የኢሳይያስ ምዕራፍ 56 ስለ ማን እንደሚናገር ማየት ነገሩን ያጠራዋል። ምዕራፉ ስለ ባዕድና ስለ ጃንደረባ ነው፤ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ቤት አይገለሉም ይላል። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የሚገኘው ኢትዮጵያዊው የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል ባዕድም ጃንደረባም ነበር፤ ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ያነብ የነበረውም ይህንኑ ነቢይ ነው። እንደርሱ ያለ ሰው ከውጭኛው አደባባይ የሚያልፍበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነበር። ማርቆስ ደግሞ ሌሎቹ ያልጻፉትን አንድ ነገር ይጨምራል፤ ጌታ ማንም ዕቃ ተሸክሞ በመቅደሱ እንዳያልፍ ከልክሏል። ግቢው የከተማው አቋራጭ መንገድ ሆኖ ነበር ማለት ነው። የወንበዴ ዋሻ የሚለው ወቀሳ የተወሰደው ከኤርምያስ ምዕራፍ 7 ነው፤ ወንበዴ ዋሻው ውስጥ አይዘርፍም፣ ውጭ ዘርፎ የሚሸሸግበት ነው እንጂ። ኤርምያስ የከሰሰው እንግዳውን፣ ድሃ አደጉንና መበለቲቱን ሲበድል ከርሞ መቅደስ ገብቶ ዳንሁ የሚለውን ሰው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የራሳቸው መቅደስ አልነበራቸውም፤ በየሰው ቤት ይሰበሰቡ ነበር። በሶርያ በዱራ አውሮጳ የተገኘው ለጸሎት የተለወጠ መኖሪያ ቤት የ3ኛው መቶ ዓመት ነው። ሕንፃ ባይኖርም የክብር ጥያቄ ግን ነበረ። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የወቀሰው አንዱ ጠግቦና ሰክሮ ሌላው ተርቦ በአንድ ማዕድ ስለ ተገኙ ነው። ያዕቆብም የወርቅ ቀለበት ላደረገው መልካሙን ወንበር፣ ያደፈ ለለበሰው የእግር መረገጫውን አጠገብ የሚሰጡትን ገሥጿል። ሁለቱም ስለ ግድግዳና ስለ ጣሪያ አልተናገሩም። እ.ኤ.አ. ከ313ቱ የሚላኖ አዋጅ በኋላ ግን ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ፤ ሕዝቡም የአደባባይ ጠባዩን ይዞ ገባባቸው። በ4ኛው መቶ ዓመት የተሰበሰበው የሎዶቅያ ጉባኤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማዕድ እንዳይዘረጋ ከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ692 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰበውና እነ ኢትዮጵያና ግብፅ የማይቀበሉት ጉባኤም በቅጽሩ ውስጥ ምግብና ሸቀጥ እንዳይሸጥ ደንግጓል። ክልከላ የሚጻፈው የሚደረግ ነገር ሲኖር ነው፤ ቀደም ያለው ዘመን ሁሉ የጽሞና ዘመን ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው እነዚህን ቀኖናዎች ቢያይ ይበጀዋል።

ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ነገር ዛሬም ፈገግ ያሰኛል። ያኔ በንግግር አዋቂ ፊት ማጨብጨብ የከተሜ ወግ ነበር፤ በስብከትም ጊዜ ይጨበጨብ ነበር። ዮሐንስ አፈወርቅ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ሳለ ይህ እንዲቀር፣ ሰሚው ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ ሥርዓት ላውጣ ብሎ ሰበከ። አሳቡ በጣም ስላማራቸው አጨበጨቡለት። በዚያው ስብከቱ ሲጨበጨብለት ደስ እንደሚለው፣ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ሰዎቹ ከጭብጨባው በቀር ምንም ይዘው እንዳልሄዱ እያሰበ እንደሚያዝን ተናዟል። የሰባኪን ፈተና ከዚህ በላይ በግልጽ የተናገረ ብዙ ሰው የለም። ጭብጨባው የተናጋሪውን ፊት የጉባኤው መድረሻ ያደርገዋል፤ ዓይን እዚያ ላይ ደርሶ ይቆማል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሕንፃ ሥርዓት ለዚሁ ፈተና የተዘጋጀ መልስ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። ፍትሐ ነገሥት ገና በመጀመሪያ አንቀጹ ስለ ቤተ ክርስቲያን ይደነግጋል፤ ሕንፃው ወደ ምሥራቅ እንዲያይ ያዛል። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ፣ ሁሉም ወደ ምሥራቅ እንዲመለከቱ ያውጃል። ካህኑም ሕዝቡም ፊታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ፣ አንዱ ሌላውን የሚያየው ከጀርባው ነው። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ካህኑ ወደ ሕዝቡ ዞሮ የሚቀድስበትን ልማድ በስፋት ስትይዝ የተነሣው ክርክርም በዚህ ላይ ነበር፤ በኋላ በነዲክቶስ 16ኛ ተብለው ር.ሊ.ጳጳሳት የሆኑት ጆሴፍ ራትዚንገር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ስለ ሥርዓተ አምልኮ መንፈስ በሚናገረው መጽሐፋቸው ለምሥራቁ ተከራክረዋል።

አቅጣጫው ከደጅ ይጀምራል። ምእመን የቅጽሩን በር ተሳልሞ ይገባል፤ ከሕንፃው ደጃፍ ጫማውን ያወልቃል። የዚህ መነሻ ሙሴ በሚነድደው ቁጥቋጦ ፊት የታዘዘው ነገር ነው። ግብፃውያን ክርስቲያኖች ጫማ የሚያወልቁት ወደ መቅደሱ ሲገቡ ሲሆን፣ ምዕራባውያን ወንዶች ደግሞ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ ሁሉም ከራሱ ላይ አንድ ነገር አውርዶ ይገባል። ቀጥሎ ሦስቱ ክፍሎች አሉ። በቅኔ ማኅሌቱ መዘምራን ይቆማሉ፤ በቅድስቱ ቆራቢዎች ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ፤ በመጋረጃ ወደ ተጋረደው መቅደስ ከተሾሙት በቀር ማንም አይገባም። እዚያ በመንበሩ ላይ ታቦቱ አለ። ታቦት ያልገባበት ሕንፃ ጉልላቱ የፈለገውን ያህል ቢያብረቀርቅ ገና ቤተ ክርስቲያን አይባልም። በጥምቀት ወይም በንግሥ በዓል ታቦቱ ሲወጣ እንኳ በልብስ ተጎናጽፎ በካህኑ ራስ ላይ ነው የሚጓዘው፤ መቶ ሺህ ሰው ይሰግድለታል፣ አንድ ሰው አያየውም። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት የቤቱ መካከለኛ ነገር ለዕይታ ያልቀረበው ነው።

ይህን ሁሉ እርከን ደረጃ ማበላለጫ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው የደጁን ሕዝብ አላስተዋለም። ለመግባት ያልበቃሁ ነኝ ያለ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ግንቡን ተደግፎ ያስቀድሳል፤ የሚያባርረው የለም፤ መቅረቱም እንደ መቅረት አይቆጠርበትም። ቆራቢው 18 ሰዓት ጾሞ ከውስጥ ሲቀበል፣ መንገደኛው ከታክሲው መስኮት አማትቦ ያልፋል፤ ሁለቱም ወደ አንድ ነገር ዞረዋል። በደጀ ሰላሙ ግራና ቀኝ የኔ ቢጤው፣ ሕሙሙ፣ አረጋዊቷ ተቀምጠዋል። እነርሱን አልፎ ሳይመጸውቱ መግባት የሚያሳፍር መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። አንዳንድ ደብር ለበዓል ግቢውን ለማሳመር ሲባል እነዚህን ሰዎች ከደጅ ሲያስነሣ ይታያል። ይህ ለክብር የተደረገ ይመስላል፤ በኢሳይያስ 56 ሚዛን ግን ገበያ ከመትከል የሚሻል አይደለም።

ዜማው ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው በ6ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ያሬድ በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ የተደገፈው ጦር የያሬድን እግር ወግቶ ደም ፈሰሰ፤ ዝማሬው እስኪያልቅ ሁለቱም አላወቁም። ይህን ሁሉም ያስታውሰዋል። ከዚያ የሚቀጥለው ግን ይበልጥ የሚጠቅም ነው። ንጉሡ የፈለግኸውን ጠይቀኝ ሲለው፣ ሊቁ የለመነው አሰናብተኝ ብሎ ነው፤ ወደ ሰሜን ተራራ ሄዶ በምናኔ ኖረ። ዝናው ከፍ ባለበት ቀን ከአደባባይ ዞር ያለ ሰው የዜማው አባት ሆኖ መቆጠሩ፣ ለዚያ ባህል ዘማሪ ምን እንደሆነ ይናገራል። ሥርዓቱም ለድምፅ ልክ አበጅቷል፤ በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፣ መዘምራኑ በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ። የካቶሊኮቹ የትሬንቶ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1562 ዓለማዊ ቃና ያለበት ሙዚቃ ከቅዳሴ እንዲርቅ አዝዟል። ዛሬ የዘማሪው ፎቶግራፍ ከበዓሉ ስም በላይ ገዝፎ የሚለጠፍበት ማስታወቂያ በየአጥሩ ሲታይ፣ የያሬድ ታሪክ እንደ ተረት ብቻ እየተነገረ መሆኑ ይገባል።

ከዘመኑ ነገሮች ዋነኛው ካሜራ ነው። ቴሌቪዥንና ስልክ ቅዳሴን ለታመመና ለተሰደደ ሰው አድርሰዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ካሜራ ምሥራቅ የለውም፤ የቆመበት ሁሉ ፊት ነው። በተክሊል ጊዜ ቪዲዮ ቀራጩ በካህኑና በሙሽሮቹ መካከል ገብቶ ጀርባውን ለመቅደሱ ሲሰጥ፣ ሙሽሮቹም ሲጠራቸው ወደርሱ ሲዞሩ፣ ቤቱ ሳይነካ አቅጣጫው ተለውጧል። ድምፅ ማጉያውም እንዲሁ ነው፤ ከኋላ የቆመውን እንዲሰማ ረድቶታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰፈሩ ሲጮህ ግን የሚሰበሰብለት ነገር ከጸሎት ይልቅ ቅሬታ ነው።

ገንዘብን በሚመለከት ፍርድ ከመስጠት በፊት ምክንያቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1967 ዓ.ም. የወጡት የገጠርና የከተማ መሬት አዋጆች ቤተ ክርስቲያኒቱ ትተዳደርበት የነበረውን ርስትና ትርፍ ቤት ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ አጥቢያዎች የሚኖሩት በሙዳየ ምጽዋት፣ በስእለት፣ በሰበካ ጉባኤ መዋጮ፣ በከተማ ደግሞ አጥራቸውን ተከትለው በሠሯቸው ሱቆች ኪራይ ነው። ፊቱን ወደ መንገድ የሰጠ ሱቅ ጧፍና ዕጣን ቢሸጥ፣ ጫማም ቢሸጥ፣ የካህን ደመወዝ ይሆናል። ነገሩ የሚበላሸው ገንዘቡ ወደ ዐውደ ምሕረቱ ሲወጣ ነው፤ የለጋሹ ስምና መጠን በድምፅ ማጉያ ሲነበብ፣ ጨረታ ሲጮህ፣ ባለጠጋው ከፊት ወንበር ሲሰጠው። የያዕቆብ መልእክት ያኔ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። የጥንቶቹ ለጋሾችም ስማቸው እንዲታወስ ይወዱ ነበር፤ ያስታወሱበት መንገድ ግን ይለያል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በጣና ደቅ ደሴት ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ሥዕል ላይ ይገኛሉ፤ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው። አገር የምትገዛ ሴት በሥዕሉ ግርጌ ናት። የሚያያትም ሰው ዓይኑ እርሷ ጋ አይቆምም፤ የእርሷን ፊት ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል።

ፈተናው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በለንደን የጥንቱ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በ16ኛው መቶ ዓመት የወሬና የንግድ መተላለፊያ ሆኖ ስለ ነበር፣ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1554 የጠላ በርሜልና የዓሣ ቅርጫት ተሸክሞ፣ በቅሎና ፈረስ እየሳቡ በውስጡ ማለፍን ከለከለ፤ ልክ ማርቆስ እንደ ጻፈው። በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2019 ተቃጥሎ በታኅሣሥ 2024 የተከፈተውን ኖትር ዳም ለሚጎበኙ 5 ዩሮ መግቢያ ይከፈል የሚል አሳብ ከባህል ሚኒስትሯ ቀርቦ ነበር፤ ሕንፃው በ1905ቱ ሕግ የመንግሥት ሀብት ቢሆንም ቤተ ክርስቲያኒቱ አልተስማማችም፣ በነጻ መግባቱም ቀጠለ። ሊመለከት የመጣ ሰው ሳያስበው ሊጸልይ ይችላል፤ በር ላይ ጎብኚና ምእመን ብሎ የሚለይ ትኬት ቆራጭ ይህን አያውቅም። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ተሳላሚና ጎብኚ በአንድ ዋሻ ይገናኛሉ፤ እዚያ ሁለቱንም እኩል የሚያደርጋቸው ጫማ ማውለቁ ነው።

ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከሌላ መነሻ ይነሣሉ። ዙሪክ ላይ በተሐድሶው መሪ በዝዊንግሊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1524፣ ሥዕሎቹ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወጥተው ግድግዳው ነጭ ተቀባ፤ ምክንያቱ ሥዕሉ ዓይንን ከእግዚአብሔር ያርቃል የሚል ነበር። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተችው የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ስም መካነ ኢየሱስ ነው፤ በስሙ የቤቱን ባለቤት ይናገራል። በዚህ አስተሳሰብ ቅዱሱ ጉባኤውና የሚነበበው ቃል ነው፤ አዳራሹ ሰኞ ለትምህርት ቤት ቢያገለግል ርኩሰት የለበትም። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የወጣበት ግድግዳ ባዶ ሆኖ አይቀርም። መድረክ፣ መብራት፣ ኪቦርድና የአምልኮ መሪ ሲገቡበት አዲስ ሥዕል ይሆናሉ፤ ይህ ሥዕል ደግሞ ይንቀሳቀሳል። መጋረጃ የሌለው ቤት ሰባኪውን የሚጋርድለት ነገር ስለሌለው፣ የዮሐንስ አፈወርቅ ኑዛዜ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ምእመናን ነገሩን ከሥሩ ነው የሚጀምሩት። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ የኢትዮጵያ ጉባኤያት በኪራይ አዳራሽ ወይም ከሌላ ቤተ እምነት በተዋሱት ሕንፃ ጀምረዋል። ወንበሩ ይገፋል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ መጋረጃ ይሰቀላል፣ በደጃፉ የጫማ መደርደሪያ ይቆማል፤ ሕንፃው ወደ ሰሜን የተሠራ ቢሆን ሕዝቡ ሰያፍ ቆሞ ምሥራቅን ይፈልጋል። ከሰዓታት በኋላ ሁሉም ተነሥቶ አዳራሹ ለባለቤቱ ይመለሳል። ዓርብ ዕረፍት በሆነባቸው የባሕረ ሰላጤ አገሮች ደግሞ የሰንበቱ ጉባኤ ወደ ዓርብ ይዛወራል፤ የቤት ሠራተኛዋ የምትለቀቀው ያን ቀን ነው። እዚያ የቤቱ ክብር ግማሹ እርሷ መድረስ መቻሏ ነው።

ክብር ተጠብቆ አምልኮ ሲጎድል ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ወደ ብሪታንያ መመልከት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ ከወሰዳቸው ታቦታት አንዱ በ2001 በኤደንብራ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ምንነቱን ስታውቅ በ2002 መለሰችው፣ አዲስ አበባም በእልልታ ተቀበለችው። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ። ለዕይታ አይቀርቡም፣ ለጥናት አይወጡም፣ ፎቶግራፍ አይነሡም፤ በተዘጋ ክፍል ተቀምጠዋል፣ የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ አያዩአቸውም፣ ሊገቡ የሚችሉት የኢትዮጵያ ካህናት ብቻ ናቸው። በዓይን ያለመታየቱ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ተከብሮላቸዋል። ደጅ የሚሳለም፣ ጫማ የሚያወልቅ፣ ግንብ ተደግፎ የሚያስቀድስ ሕዝብ ግን በዚያ ክፍል ዙሪያ የለም፤ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የሙዚየሙ ሕግም ንብረቱን እንዳይመልስ እንደሚያግደው ይጠቀሳል።